ገንዘብ ሁሉ ስም አለው፤ ብቻቸውን ልጅ ያሳደጉ ነጋዴ እናቶች ታሪክ

መስከረም ሲጠባ በገበያችን ላይ በየዓመቱ የሚታይ ነገር አለ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ጫማ ተከታትለው ይመጡና የእቃ መግዣው ገንዘብ ይመነምናል። ሁለት ሰው በሚሠራበት ቤት አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ይሸፍናል። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እህታችን ግን ጥቅምት ላይ መደቧ ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ አራጣ አበዳሪ ቤት ትታያለች። ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው ወይም የተለዩዋቸው አባቶችም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ፤ ቁጥራቸው ቢያንስም ጭንቀቱ አንድ ነው።

ይህ በእኛ የተጀመረ ችግር አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችን አልፈውበታል፣ ያለፉበትም መንገድ ታሪክ አለው። ታሪኩን ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌም ማዶ ስንከታተለው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። እያንዳንዱ የገንዘብ እርዳታ ሲፈጠር ለአንድ ሥራ ተፈጥሯል፤ እድር ለሞት፣ እቁብ ለመነሻ፣ ቀለብ ለልጅ፣ ብድር ለእቃ። ገንዘብ ሁሉ ስም አለው። የአንዱን ገንዘብ ለሌላው ሥራ ያዋለ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል።

ከባንክ በፊት

በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን መሬት ትወርስ ነበር። የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ሴቶች በመሬት ባለቤትነት፣ በሽያጭና በውርስ ተመዝግበው አግኝተዋል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ቢያንስ በሕግ ባዶ እጇን አትቀርም ነበር። ነገር ግን ባላገሩ እንደሚያውቀው መሬት ያለ በሬና ያለ አራሽ ዳቦ አይሆንም። ብቻዋን የቀረች ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ትካፈላለች፣ ወይም ወደ ወንድሞቿ ቤት ትመለሳለች።

ሦስተኛው መንገድ ከተማ ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ስትሰፋ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ የሚሸጡ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶች ከየአቅጣጫው መጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያለ ባል ቤት የሚመሩ ነበሩ። ጌሾና ብቅል የሚገዙበትን ገንዘብ ባንክ አልሰጣቸውም። ያገኙት በዱቤ ነበር፤ እህል ነጋዴው ያምናቸዋል፣ ጠላው ሲሸጥ ይከፍላሉ። ዱቤ ከእኛ ንግድ ሁሉ አንጋፋው ብድር ነው፤ ማስያዣውም የሰው ስም ብቻ ነው።

እቁብና እድር

እቁብ መቼ ተጀመረ የሚለው ብዙ አከራክሯል። የተስፋፋው ግን ከከተማ ንግድ ጋር ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥተው ዛሬ መርካቶ የምንለውን መሠረቱ። ከነፃነት በኋላ መርካቶን የሞሉት ነጋዴዎች፣ በተለይም ከጉራጌ አገር የመጡት፣ ከጉሊት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ጅምላ ያደጉት በእቁብ ነው።

አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ዋስ፣ እጣ። ልብ የማንለው ግን እቁብ ያለ ወለድ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ እንዲገባ የሚያደርግ መሆኑ ነው። በየቀኑ 50 ብር የሚተርፋት ሴት ያንን 50 ብር ቤት ብታስቀምጠው ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል። እቁብ ግን ገንዘቡን ከራሷም ከዘመዷም ይጠብቅላታል። «እቁብ አለብኝ» የሚለው ቃል ብቻዋን ለምትኖር ሴት ገንዘብ ከሚጠይቃት ሰው ሁሉ የሚከላከላት ጋሻ ሆኖ ኖሯል። ባል ላላት «ባሌን ልጠይቅ» እንደሚያገለግለው ማለት ነው።

እድር የተለየ ነው። ከተማ ገብቶ ከዘመዱ የራቀ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል ከሚለው ጭንቀት የተወለደ ሲሆን፣ ብዙ አጥኚዎች መስፋፋቱን ከዚያው ከወረራው ዘመንና ከተከታዮቹ ዓመታት ጋር ያያይዙታል። የእድር ገንዘብ ለመነገጃ አይሰጥም፤ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ብሩም ለሐዘን ነው። ለብቻዋ እናት ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞት ሲመጣ የእቃ መግዣዋን አታወጣም። ሁለተኛ፣ ባል ሲሞት በሁለቱ ስም የነበረው የእድር አባልነት ለእሷ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚለው በመተዳደሪያ ደንቡ የሚወሰን ስለሆነ፣ ብዙ ሴቶች የራሳቸውን የሴቶች እድር አቋቁመዋል። ዛሬም የባሏን እድር ብቻ የያዘች ሴት ካለች ደንቡን አሁኑኑ ታንብበው።

ከድንበሩ ማዶ

እኛ ድንበር ላይ የምንነግድ ሰዎች ይህ የሐበሻ ብቻ አለመሆኑን በዓይናችን አይተናል። በሱዳን ሰንዱቅ ይሉታል። ሶማሌዎች ሃግባድ ወይም አዩቶ ይሉታል፤ አዩቶ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ እርዳታ ነው። በኬንያ ቻማ ነው። ቋንቋው ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው በየተራ አንዷን ያነሷታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ያለው በማዕከላዊ ኬንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሡት የማባቲ ማኅበራት ታሪክ ነው። ማባቲ በስዋሂሊ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ሴቶቹ ያዋጡት ገንዘብ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ ቆርቆሮ። በየተራው ለአንዷ ቤት ሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ ይለብሳል። ቆርቆሮ ሲኖር የዝናብ ውኃ ይጠራቀማል፣ ውኃ ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት ይተርፋል፣ የተረፈው ሰዓት ወደ ሥራ ይገባል። ገንዘቡ ስም ስለነበረው ወደ ሌላ ወጪ አልፈሰሰም፤ የሁሉም ዓይን ቆርቆሮው ላይ ነበርና።

ኪራይ የተቀነሰበት ዘመን

በ1967 ዓ.ም. መጨረሻ ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ኪራይም ተቀነሰ። ያ ዘመን በብዙ ቤት በእንባ የሚታወስ ነው፤ ሆኖም ይህንን አንድ እውነት መዝለል አይቻልም። በቀበሌ ቤት በጥቂት ብር ኪራይ የኖሩ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ያስተማሩት ከኪራይ በተረፈው ገንዘብ ነው። መንግሥት ለብቻዋ እናት ብሎ ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ ከየትኛውም ስጦታ ይልቅ የረዳት ግን እሱ ሆነ። በሌላ በኩል አንድ ሁለት ክፍል እያከራዩ ልጅ ያሳድጉ የነበሩ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች መተዳደሪያቸውን አጡ። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ በብቻዋ እናት በጀት ውስጥ ትልቁ ቀዳዳ ኪራይ ነው፤ እሱ ሲጠብም ሲሰፋም ሌላው ሁሉ ይለወጣል።

ቀለብ፤ የልጅ ገንዘብ

ብዙዎቻችን የምናፍርበት ክፍል ይህ ነው። «እሱን ከመለመን ብራብ ይሻላል» ስንባባል ኖረናል። ነገር ግን ቀለብ ለእናቲቱ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም። የልጁ መብት ነው፤ መብቱ የተገኘውም በትግል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ አድርጎ ነበር። ከጋብቻና አብሮ ከመኖር ውጪ ለተወለደ ልጅ ደግሞ በሩ ጠባብ ነበር፤ አባት በፈቃዱ ካልተቀበለ በቀር ፍርድ ቤት አባትነትን የሚወስነው እናቲቱ በተጠለፈችበት ወይም በተደፈረችበት ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላዋ እናት የምታቀርበው ማስረጃ ቢኖራት እንኳ የሚሰማት ችሎት አልነበረም።

ይህ ለ40 ዓመት ቆየ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ሴቶች በግልጽ ተሟግተውለት በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። አባትነትን ማስረዳት የሚቻልባቸው መንገዶችም ሰፉ፤ አባት ነው የተባለው ሰው የጻፋቸው ደብዳቤዎችና ሰነዶች፣ እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመንከባከብና በማሳደግ መሳተፉ ጭምር ተቀባይነት አገኙ። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ ስለዚህ የምትኖሩበትን ክልል ሕግ ጠይቁ።

ለነጋዴ ሴት ይህ ምን ማለት ነው? ከጁባ ወይም ከናይሮቢ «ለልጁ» ተብሎ የተላከ ገንዘብ ማስረጃ ነው። የሃዋላ ወረቀቱን አትጣሉ፣ የስልክ መልእክቱን አታጥፉ። ሌላም አለ። በሕጉ መሠረት የመክፈያው ቀን ከደረሰ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ወይም ያልተወሰደ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ መጠየቁ ይቀራል። «ቆይቶ ይሰጠኛል» እያሉ ዓመት መጠበቅ የልጅን ገንዘብ ያሳጣል። ኑሮ ሲወደድ ወይም የከፋዩ ገቢ ሲለወጥ የቀለቡ መጠን እንዲሻሻል ማመልከትም ይቻላል።

የኬንያ ታሪክ ደግሞ መብት ተገኝቶም ሊታጣ እንደሚችል ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1959 በቅኝ ግዛቱ መጨረሻ የወጣ አንድ ሕግ ያላገባች እናት አባቱን ከስሳ የልጅ ማሳደጊያ እንድታገኝ ፈቅዶ ነበር። ሕጉ ብዙ ወንዶችን አስቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ነፃ የወጣችው ኬንያ ፓርላማ ሻረው። ከዚያ በኋላ ያላገባች እናት ለአሥርት ዓመታት ሸክሙን ብቻዋን ተሸከመች። እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 53 አባትና እናት ቢጋቡም ባይጋቡም ለልጃቸው እኩል ኃላፊነት እንዳለባቸው ደነገገ። ስለዚህ የልጇ አባት ኬንያ የሚኖር እህታችን በዚያም የምታንኳኳው በር አላት።

በሁለቱም አገር በሩን የሚከፍተው ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመንገድ ላይ፣ በድንበር ከተማ የተወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ቀለብም፣ የሟች አባቱን ጡረታም ለመጠየቅ ይቸገራል።

ጡረታን ካነሣን፣ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ እስኪጀመር ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከዚህ አልተጠቀመም። ዛሬ በትራንስፖርት ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ የሞተ ሾፌር መዋጮው ተከፍሎለት የአገልግሎት ዘመኑም የሚያበቃው ከሆነ፣ ሚስቱና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ ድርሻ አላቸው። ሳይጠይቁ የቀሩ ስንቶች ናቸው!

ብድር፤ የእቃ ገንዘብ

ባንክ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ቤትና መኪና የሚያስይዝን ሰው ነበር። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 ሲወጣ፣ ሙሐመድ ዩኑስ በባንግላዴሽ የጀመሩት የቡድን ዋስትና ወደ እኛም ገባ፤ ጥቂት ሴቶች ተያይዘው አንዷ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው ከ5,000 ብር በላይ ማበደር አይፈቀድም ነበር። ትንሽ ቢሆንም ብዙ እናቶች ከአራጣ የወጡት በዚያ ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛ አዲስ አልነበረም፤ የእቁብ ዋስ ነው፣ በቢሮ ማኅተም።

ችግሩም ከዚያው መጣ። በእቁብ ገንዘቡ የራሳችን ነው። በቡድን ብድር ግን ገንዘቡ የተቋሙ ስለሆነ አንዷ ልጇ ታሞባት ካልከፈለች ሌሎቹ ይከፍሉላታል፤ ወዳጅነትም ይፈርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው ሁሉም ሎሚውን ሲይዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሮች ተጨምረዋል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በዓለም ባንክ ድጋፍ ሴቶች በግላቸው፣ ያለ ቡድን፣ ከፍ ያለ ብድር እንዲያገኙ አደረገ። በ2005 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ጨምሮ በሴቶች የተመሠረተው እናት ባንክ ሥራ ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም እቃ፣ ማሽንና ከብት ሳይቀር፣ ለብድር ማስያዣ እንዲሆን ፈቀደ። ቤት ለሌላት ነጋዴ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ባንኮችን «በዚህ አዋጅ ታበድራላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የስልክ ብድርም በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውን ኤምፔሳን ተከትሎ መጣ፤ በእኛም ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ብድር ጀመረ። የስልክ ብድር በደቂቃ ይገኛል፤ መመለሻውም አጭር ነው። በፍጥነት ለሚሸጥ እቃ እንጂ ለትምህርት ቤት ክፍያ አይሆንም።

ለምን እንደማይሆን በሂሳብ እንየው። 12,000 ብር ብድር እቃ ላይ ቢውልና በወር ሁለት ጊዜ ቢዞር፣ በእያንዳንዱ ዙርም ወጪ ተቀንሶ 5 ከመቶ ቢያተርፍ፣ በወር 1,200 ብር ያስገኛል። በ10 ወር ራሱን የሚያህል ትርፍ አወጣ ማለት ነው፤ ወለዱ ከዚያ ውስጥ ይከፈላል፣ እቃውም አለ። ያው 12,000 ብር መስከረም ላይ ለትምህርት ቤት ከተከፈለ ግን ትምህርቱ መልካም ሆኖ ሳለ ብድሩን የሚከፍል እቃ የለም። ክፍያው ከምግብ ላይ ይመጣል፣ ቀጥሎም ከመደቡ ላይ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከእናቶቻችን ታሪክ ተነሥተን እርስ በርሳችን የምንመካከረው ይህንን ነው።

የትምህርት ቤቱን ክፍያ እቁብ ይክፈለው። 12 ሆነን በየወሩ 1,000 ብር የምንጥል ከሆነ አንዷ በአንድ ጊዜ 12,000 ብር ታገኛለች። ልጆች ብቻዋን የምታሳድገው እህት የነሐሴውን ዙር እንድትወስድ ዳኛውና አባላቱ ከመጀመሪያው ይስማሙላት፤ እጣ መቀያየር በእቁብ ወግ ያለ ነው። ማባቲዎቹ ለቆርቆሮ እንዳደረጉት እኛም ለደብተር እናድርገው።

ቀለቡ ለልጁ ምግብ፣ ሕክምናና ልብስ ይዋል፤ በተለየ ሒሳብ ይግባ፣ በየወሩ ይመዝገብ። ዘገየ ሲባል በሁለተኛው ወር እንጠይቅ፣ 3 ወሩ አይለፍ።

ብድሩ እቃ ይግዛ፤ እቃው ሲሸጥ መጀመሪያ የብድሩ ተነሥቶ ይቀመጥ። በሽልንግ የገዛን ብድሩን በብር የምንከፍል ከሆነ የምንዛሬው ለውጥ ትርፉን እንደሚበላ አስቀድመን እንቁጠር።

እድሩን አንንካው። ለአራስና ለሐዘን የተቀመጠ ነገር ለንግድ ከወጣ በቸገረ ቀን አይገኝም።

ለዚህ ሁሉ አራት ገጽ ያለው አንድ ደብተር ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የገንዘቡ ስም ይጻፍ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የተላለፈ ብር ካለ እንደ ብድር ይመዝገብ፣ ይመለስም። ጠላ ሸጠው ልጅ ያስተማሩ አያቶቻችን ደብተር አልነበራቸውም፤ ግን የጌሾውን ገንዘብ በአንድ ቋጠሮ፣ የልጁን በሌላ ቋጠሮ በመቀነታቸው ጫፍ ያስሩት ነበር። አዋጁ፣ ባንኩና ስልኩ በኋላ መጡ፤ ሁለቱን ቋጠሮ የማይቀላቅል ሰው ግን ዛሬም ከሁሉም ይጠቀማል።

በየከተማችሁ የነሐሴ ዙር ለልጅ አሳዳጊዎች የሚሰጥ እቁብ ካለ ጻፉልን፤ ከሌለ ከዚህ ወር ጀምራችሁ መሥርቱ። እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በእጣ ነው።